የጉልበት ሎሚ ለወለቀባችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ኳስ ስትጫወቱ ወይም ስትጨፍሩ የጉልበታችሁ ሎሚ ወልቆ ለተመለሰላችሁ ነው። ጉዳቱ የሚበዛው በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። ዕድሜዬን በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስላሳለፍኩ የምትሉትን አውቀዋለሁ፤ «ማንም አልነካኝም፣ ዞር ስል ጉልበቴ ከዳኝ» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። እግር መሬት እንደረገጠ፣ ጉልበት ትንሽ እንደታጠፈ ገላ ሲዞር ሎሚው ወደ ውጭ ይንሸራተታል። እግር ሲዘረጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ለዚህ ነው «ወለም ብሎኝ ነው» ተብሎ የሚታለፈው።

ነገር ግን ሎሚው የወጣው አንድ ነገር ጎድቶ ነው። በጉልበት የውስጥ በኩል ሎሚውን ከጭን አጥንት ጋር የሚያያይዝና ወደ ውጭ እንዳይሸሽ የሚይዝ ጅማት አለ፤ እሱ ይቀደዳል ወይም ይበጠሳል። ሎሚው ሲመለስም ከጭን አጥንት ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ የካርቲሌጅ (በመገጣጠሚያ ላይ አጥንቱን የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ) ስባሪ ሊያነሳ ይችላል። ጉልበቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካበጠ ደም ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ተነሱ፤ ሐኪሙ ስባሪ ከጠረጠረ ኤምአርአይ ያዛል።

ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ያበጠ ጉልበት ግን አይታሽም፤ በቀርከሃና በጨርቅ ጥርቅም ተደርጎም አይታሰርም። በአገራችን ከልክ በላይ ጠብቆ በመታሰሩ ብቻ ደም አጥቶ የተቆረጠ እግር ብዙ ነው፤ ይህን እያወቅሁ ዝም ማለት አልችልም። ጣቶቻችሁ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያውን እዚያው ፍቱና ሆስፒታል ሂዱ። በመኪና አደጋ ወይም በከባድ ግጭት የወለቀው ሎሚው ሳይሆን ራሱ መገጣጠሚያው ከሆነ ደግሞ ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው ትልቅ የደም ሥር ሊጎዳ ስለሚችል አንድም ደቂቃ አታባክኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የመጀመሪያው ውልቃት የተሰበረ ነገር ከሌለው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይታከማል። ሕመሙ በጥቂት ሳምንታት ይቀልላል፤ እናንተም ያኔ ሜዳ ትገባላችሁ። ሁለተኛው ውልቃት የሚመጣውም ብዙ ጊዜ በዚህ ጥድፊያ ነው። ሕመሙ ቢሄድም የጭናችሁ ጡንቻ ገና አልተመለሰም። ጉልበት ሲያብጥ የፊት ጭን ጡንቻ ሥራውን ያቆማል፣ ቶሎም ይሟሽሻል። ሜትር አውጥቼ ሁለቱን ጭኖች ከሎሚው በላይ እኩል ርቀት ላይ ስለካ ልዩነቱ ልጁን ራሱን ያስደነግጠዋል። ሌላም ምልክት አለ፤ ሎሚውን በአውራ ጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ ውጭ ስገፋ እጄን ቀብ የሚያደርግ ልጅ «ድኛለሁ» ቢለኝም ለጨዋታ አልፈቅድለትም።

ጡንቻው የሚመለሰው በየቀኑ በሚሠራ አሰልቺ ሥራ ነው። መጀመሪያ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበት ሥር አድርጎ ወደ ታች መጫንና እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ቀጥሎ የዳሌን የጎን ጡንቻ ማጠንከር፣ በኋላ መስታወት ፊት በአንድ እግር ከደረጃ መውረድ። ስትወርዱ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ገና ናችሁ። ሙሉ በሙሉ ወደ ኳስ መመለስ ወራት ይፈልጋል፤ በሦስት ሳምንት ልመልሳችሁ የሚል አሠልጣኝ ካለ እሺ አትበሉት።

በሚገባ ሠርተውም ደግሞ የሚወልቅባቸው አሉ። ሎሚው የሚሄድበት የአጥንት ቦይ ጥልቀት የሌለው፣ ሎሚው ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ጉልበቶቹ የሚነካኩ ወይም ጅማቱ በተፈጥሮ የላላ ሰው አለ። ይህ የእናንተ ስንፍና አይደለም። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የወለቀ ጉልበት በአጥንት ሐኪም መታየት አለበት፤ ጅማቱን ከራሳችሁ ገላ በተወሰደ ጅማት መተካት የታወቀ ሕክምና ነው። «ለምዶብኛል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ በወለቀ ቁጥር ካርቲሌጁ ይጎዳል፣ የተጎዳ ካርቲሌጅ ደግሞ እንደ ቆዳ አይተካም።

ገና ላልተጎዳችሁትም ፊፋ ያዘጋጀው «11+» የሚባል የሰውነት ማሟሟቂያ አለ፤ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ከኳስ በቀር መሣሪያ አይፈልግም፣ ጉዳት እንደሚቀንስም በጥናት ታይቷል። አሠልጣኛችሁን ጠይቁት።

ለፊዚዮቴራፒ ስትሄዱ ደግሞ ቁምጣ ልበሱ፤ ባለሙያው ሁለቱንም ጭን ጎን ለጎን ማየት አለበት።