ሌስ፦ ጨርቁም ክሩም

ወንድሜ፣ «እንግሊዝኛው ሌስ የሚለው የጫማ ክር ነው ወይስ ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሙሽራ ቀሚስ ጨርቅ?» ብለሃል። ሁለቱንም ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ ሸምቀቆ ማለት ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ይቀድማል። በቀዳዳ አሾልከህ የምትስበው ክር፣ የጫማም ይሁን የቀሚስ ጀርባ፣ ሌስ ይባላል። ጨርቁ ስሙን የወሰደው በኋላ ነው።

ጨርቁን ጠጋ ብለህ እየው። በእጅ የተሠራው እንደ ተራ ጨርቅ ድርና ማግ የለውም። ክሩ እየተጠማዘዘና እየተጠላለፈ ባዶ ቦታውን ይከባል። እንዲያውም ጌጡ ቀዳዳው ነው ብል አልተሳሳትኩም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያንና በፍላንደርስ (በአብዛኛው የዛሬዋ ቤልጅየም ውስጥ ያለ አካባቢ) ሲያብብ፣ አንዱ ዓይነት በመርፌ፣ ሌላው ክር በተጠመጠመባቸው ትንንሽ እንጨቶች ትራስ ላይ ይሠራ ነበር። ጊዜ ስለሚበላ የሀብታም ጌጥ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት በ1809 እ.ኤ.አ. ለሌስ መሥሪያ ማሽን የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ ግን ዋጋው ወረደ።

ዳንቴል የምንለውስ? ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ትንሽ ጥርስ» ማለት ነው። ጠርዙን ስታየው ይገባሃል። እኛ ግን ለኪሮሽ ሥራውም እንጠቀምበታለን።

«የጫማ ክሬ ቶሎ ቶሎ ይፈታል» ላልከው ደግሞ፣ ካሰርክ በኋላ ሁለቱን ቀለበቶች እይ። በጫማው ርዝመት ከተኙ ቋጠሮው ልክ አይደለም። መጀመሪያ ክሮቹን ስታጣምር ከላይ ያለፈውን በሚቀጥለው ጊዜ ከሥር አሳልፈው፤ የቀረውን እንደለመድከው እሰር። ቀለበቶቹ ወደ ግራና ቀኝ ይተኛሉ፣ ቶሎም አይላላብህም።