ለሸዋሮቢቷ እህቴ፦ ወለዱ ሲቀንስ ክፍያሽን አትቀንሺ

እህቴ፣ «ለምግብ ቤቴ ከሰው 40 ሺህ ብር በወር አሥር በመቶ ተበድሬ ስምንት ወር ከፈልኩ፤ ዋናው ዕዳ ግን ንቅንቅ አላለም፣ ምን ይሻለኛል?» ያልሽውን ሳነብ የራሴን ጉድ ሰው የጻፈብኝ መሰለኝ። እስካሁን 32 ሺህ ብር አስረክበሽዋል እኮ!

እኔ ደብረ ብርሃን በግ አደልቤ እሸጣለሁ። ለፋሲካ ገበያ ከመሐል ሜዳ የመንዝ በግ ላስመጣ ብዬ 60 ሺህ ብር በአራጣ ወሰድኩ። በጎቹን በዱቤ የወሰደብኝ ሰው ድራሹ ጠፋ። ከዚያ በየወሩ 6 ሺህ ብር፣ ወለድ ብቻ፣ ሰባት ወር ገፈገፍኩ። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ «የክሬዲት ካርዴ ወለድ በዓመት 24 በመቶ ነው» ብላ ስታለቅስብኝ የኔን 120 በመቶ ነገርኳትና ለቅሶዋን ተወችው። መላውን ግን ያገኘሁት ከእሷ ነው። ለባንኳ ደውላ ወለዱን አስቀነሰች፤ ቀጥላም ዕዳውን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ወለድ ወደማያስከፍል ሌላ ካርድ አዛወረችው። ለማዛወሪያው ጥቂት ብትከፍልም አዋጥቷታል።

እኔ የምደውልለት ባንክ ስለሌለኝ ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው የአበዳሪዬ የንስሐ አባት ነበሩ፤ ይህን በደንብ አስቢበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰውና በሰው መካከል ላለ ብድር ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን እንደሚከለክል፣ አራጣም በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ሰውየው ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ስለዚህ ማስፈራራት አላስፈለገም፤ ደግሞም ብከሰው ማስረጃ የለኝም፤ የፈረምኩለት የብድር ወረቀት ላይ የተጻፈው 96 ሺህ ብር «ያለ ወለድ» ነው፣ የስድስት ወሩን ወለድ ዋናው ውስጥ ከቶታል። አንቺም ወረቀትሽን አውጥተሽ እይው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በእጅ አትክፈይ፣ በባንክ አስገቢለት፣ ደረሰኙን ማስረጃ እንዲሆንሽ ያዢ።

ሽማግሌዎቹ ወለዱን ለአራት ወር በወር አምስት በመቶ አስደረጉልኝ። በየወሩ የተረፈችኝን 3 ሺህ ግን አልበላኋትም። አባል ከሆንኩ ዓመት ባለፈኝ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ 8 ሺህ ብር ነበረኝ፤ በአራት ወር 12 ሺህ ጨምሬ 20 ሺህ ሞላሁ። ማኅበራችን የቁጠባን ሦስት እጥፍ በዋስ ያበድራል፤ 60 ሺሁን ወስጄ አራጣውን በአንድ ቀን ዘጋሁ።

የማኅበሩ ወለድ በወር አንድ ከግማሽ በመቶ ነው፣ ያውም በቀሪው ዕዳ ላይ። ይህቺን ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ። በቀሪው ላይ ሲሰላ የሁለት ዓመቱ ወለድ ወደ 11,900 ብር ነው፤ እስከ መጨረሻው በ60 ሺሁ ላይ ቢሰላ ግን በዚያው አንድ ከግማሽ በመቶ 21,600 ይሆናል። ስሙ አንድ፣ ሒሳቡ ሌላ።

የወር ክፍያዬ 3 ሺህ ብር ሆነ። ባለቤቴ «እፎይ፣ አሁን ቤቱን እናስጠግን» አለ። እኔ እምቢ አልኩ፤ ስድስት ሺህ መክፈል እጄ ለምዶታል፣ እንደለመደ ይቀጥል ብዬ። ሁለት ዓመት የተባለው ዕዳ በ11 ወር አለቀ። ጠቅላላ ወለዱ 5,500 ብር ገደማ ነው፤ ለአራጣው በአንድ ወር ከምከፍለው ያነሰ ማለት ነው። (ጣሪያው እስከዚያ እንዳፈሰሰ ከረመ፣ ክረምቱን በባልዲ ነው ያለፍነው።)

አንድ ነገር ልርሳው ነበር። ያንን የብድር ወረቀት ሳትቀበይ የመጨረሻዋን ብር እንዳትሰጪ። አበዳሪዬ «ቤት ረሳሁት፣ ነገ አመጣዋለሁ» ብሎኝ ነበር። አባ «ሄደህ አምጣ፣ እኛ እንጠብቃለን» አሉት፤ አመጣው፣ እዚያው ፊታቸው ቀደድኩት።

አንቺ የማኅበር አባል ነሽ? ስንት ቆጥበሻል? ጻፊልኝና የአንቺን እናሰላዋለን።