መልስ፦ የተፈረደበት ሰው ምን መብት ይኖረዋል?

«አንዴ ከተፈረደበት በኋላ ምን መብት አለው?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ ብዙ አለው። ቅጣቱ መታሰሩ ራሱ ነው። ዱላ፣ ረሃብ፣ ስድብ የሚጨምርበት ሰው ዳኛ ያልፈረደውን እየቀጣው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1955 ወጣ፣ በ2015 ተሻሽሎ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ተባለ። 27 ዓመት ለታሰረ ሰው ክብር መሆኑ ነው። በደንቡ መሠረት እስረኛ ውሃ በጠማው ጊዜ ይጠጣል። ውጭ የማይሠራ ከሆነ በቀን ቢያንስ 1 ሰዓት ንጹሕ አየር ያገኛል። ሕክምናውም ነፃ ነው፤ ደረጃው ውጭ ካለው ማነስ የለበትም።

ለብቻ ማሰር ከ15 ተከታታይ ቀን ማለፍ የለበትም። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ አስበው፦ በቀን 22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ አንድ ክፍል ውስጥ፣ የሚያዋራህ ሰው የለም። ድምፅ የምትሰማው ቁልፍ ሲንኳኳ ብቻ ነው። ለእኔ 15ቱም ይበዛል።

እውነቱን ለመናገር ደንቡ አስገዳጅ ስምምነት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 10 ግን ያጸደቁትን አገሮች ያስገድዳል፤ የታሰረ ሁሉ በሰብአዊነት ይያዝ ይላል።

የታሰረብህ ሰው ካለ ደግሞ፣ በማንዴላ ደንቦች መሠረት እሱም ጠበቃውም አቤት ማለት ካልቻሉ ቤተሰብ በስሙ አቤቱታ ማስገባት ይችላል። በጽሑፍ አድርገው፣ ቅጂውንም ያዝ።