ሰባት ተኩል ስንል የማን ሰባት ተኩል?

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ስትሄድ ነው ስትመለስ?

ርቀቱ ያው ነው፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ብላችሁ ብታካፍሉት 13 ሰዓት ይመጣል፤ ከዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ በቀጥታ በረራ ስትሄዱም የሚፈጀው ይህንኑ ያህል ነው። ስትመለሱ ግን 13 ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ከላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። ከዚያ ደግሞ የራሳችን ደጋ አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ፣ ሰውን ሁሉ ጭኖ፣ በዚያ ላይ የእናቶቻችንን በርበሬና ሽሮ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ብዙ ጊዜ እናንተ ከወንበራችሁ አትወርዱም። ሁሉም ሲደመር 16 ወይም 17 ሰዓት ያዙ።

ይሄ እንኳን ቀላሉ ነው። ሰው ጉድ የሚሆነው ሰዓት አቆጣጠሩ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ለወንድሜ ደውዬ «እሑድ ሰባት ተኩል ቦሌ እደርሳለሁ» አልኩት። ትኬቱ ላይ ያነበብኩትን ነው እንጂ በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ተኩል ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከተርሚናሉ ወጣሁ፤ ማንም የለም። የያዝኩት ስልክ እዚያ አይሠራም። ሻንጣዬ ላይ ከተቀመጥኩ አምስት ሰዓት ሊሞላኝ ሲል ወንድሜ አበባውን ይዞ፣ ታጥቦ ታጥኖ፣ ሰባት ከሩብ ላይ ከች አለ። ቀድሜ ደረስኩ ብሎ ደስ ብሎታል!

የባሰው ግን ቀን ሲሳሳት ነው። ትኬቱ ቅዳሜ 0፡50 ካለ፣ ለኛ ያ ዓርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡50 ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። የማውቀው ሰው ዓርብ ማታ ዘመድ ሰብስቦ የመሸኛ ቡና ሲጠጣ አውሮፕላኑ ጥሎት ሄደ፤ እሱ ቅዳሜ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ሄዶ ነው የሰማው።

የጊዜ ልዩነቱም ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። አሜሪካ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ሰዓቷን ስታስቀድም 7 ሰዓት ይሆናል፣ በጥቅምት መጨረሻ ስትመልሰው 8። አገር ቤት ሰዓት አይነካም፣ የሚቀየረው እዚህ ነው።

እናትና አባት የምታስመጡ ደግሞ እባካችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ ሁለት ቦታ የሚያወርድ ትኬት አትቁረጡላቸው። ለራሳችሁ እንደፈለጋችሁ። እግራቸው እንዳያብጥ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ትንሽ እንዲራመዱ ንገሯቸው፣ መድኃኒታቸው የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

እኔ አሁን ለሚቀበለኝ ሰው በስልክ አልናገርም፣ ጽፌ ነው የምልከው፦ «እሑድ ጠዋት፣ በአበሻ አንድ ተኩል፣ ቁርስ ሳትበላ ና።»