አልሞት ያለው ነርቭ

የተከበራችሁ ወጣት አንባቢዎች፤

የሥራ ዘመኔን የነርቭ ጉዳትን በማጥናት ስላሳለፍኩ፣ ወደዚህ ሙያ መግባት የምትፈልጉ ብዙዎቻችሁ ምክር ትጠይቁኛላችሁ። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ውጤት የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ኢንዛይም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን ስለሚያካሂድ ፕሮቲን ነው፤ የምሰጣችሁ ምክርም ከእርሱ ታሪክ የሚነጠል አይደለም።

የነርቭ ሕዋስ አካሉ በዓይን የማይታይ ትንሽ ሲሆን ክሩ ግን እጅግ ረጅም ነው። ከኅብለ ሰረሰር ተነሥቶ የእግርን ጡንቻ የሚያዝዘው ክር፣ አክሶን የምንለው፣ በአዋቂ ሰው አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል። ኦገስተስ ዋለር እ.ኤ.አ. በ1850 የእንቁራሪት የምላስ ነርቮችን ቆርጦ፣ ከሕዋሱ አካል የተለየው ክፍል እየፈራረሰ መሄዱን መዘገበ። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የተሰጠው ማብራሪያ፣ ክሩ ከአካሉ የሚመጣለት ስንቅ ስለተቋረጠ በረሃብ ይሞታል የሚል ነበር። ለእኔም እንዲሁ ተነገረኝ፤ እኔም ሳልጠራጠር ለሌሎች አስተማርኩ።

ጀማሪ ሳለሁ ሥራዬ የተቆረጠ ነርቭ በሁለት ቀጫጭን መርፌዎች እየፈለቀቁ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ለይቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር። ጤናማው ክር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከተቆረጠ ጥቂት ቀናት ያለፉት የአይጥ ነርቭ ግን ሽፋኑ እየተቆራረጠ፣ ዶቃ በክር እንደተሰካ ይሆናል። አንድ ቀን፣ ከተቆረጠ ሳምንት አልፎታል ተብሎ በተጻፈበት መስታወት ላይ ቀጥ ያሉ ክሮች አየሁ። መለያው ተሳስቶ ነው ብዬ መስታወቱን ጣልኩት። በእርግጥም ተሳስቶ ይሆናል፤ የሚቆጨኝ ግን ሳላጣራ መጣሌ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 በኦክስፎርድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ገጠማቸው፤ እነርሱ ግን አልጣሉትም። የአንድ ዝርያ አይጦች ነርቭ ተቆርጦ ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላም ክሩ ቅርጹን ይዞ ቆየ። ስንቅ ተቋርጦበት ይህን ያህል ከቆየ፣ የሌሎቹ አይጦች ክር በሁለት ቀን የሚፈርሰው በረሃብ ብቻ ሊሆን አይችልም። ክሩ ራሱን የሚያፈርስበት መንገድ በውስጡ አለ ማለት ነው፤ በእነዚህ አይጦች ውስጥ ደግሞ ያን መንገድ የዘጋ ነገር ነበር።

የዘጋው ምን እንደሆነ ለማወቅ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። ነገሩ ኤንኤዲ የተባለውን፣ ሕዋስ ለኃይል ምርት የሚጠቀምበትን ሞለኪውል ወደሚሠራ ኢንዛይም አመራ። በጤናማ ነርቭ ይህን ሥራ በክሩ ውስጥ የሚያከናውነው ኤንምናት-2 ይባላል። የሚመረተው በሕዋሱ አካል ሲሆን ተጭኖ ወደ ክሩ ይላካል፤ ዕድሜው አጭር ስለሆነም ያለማቋረጥ መተካት አለበት። ክሩ ሲቆረጥ ወይም ማጓጓዣው ሲበላሽ ያለው ኢንዛይም በሰዓታት ውስጥ ይመናመናል። በእነዚያ አይጦች ግን በዘር ለውጥ የተፈጠረ፣ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነና ቶሎ የማይበላሽ ኢንዛይም ቦታውን ተክቶ ይሠራ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በክሩ ውስጥ ሳርም-1 የተባለ ሌላ ኢንዛይም ተኝቶ ይኖራል። ኤንምናት-2 ሲጠፋ፣ ለኤንኤዲ መሥሪያ የሚሆነው ኤንኤምኤን የተባለ ጥሬ ዕቃ ሠሪ አጥቶ ይከማቻል፤ ኤንኤዲ በበኩሉ ይቀንሳል። ይህ የሚዛን ለውጥ ሳርም-1ን ይቀሰቅሰዋል፤ እርሱም የቀረውን ኤንኤዲ ይፈጃል፤ ኃይል ይነጥፋል፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባና የክሩ አጽም ይበጣጠሳል። ኤንምናት-2 የሌላቸው አይጦች ሲወለዱ ይሞታሉ፤ ሳርም-1ም አብሮ ሲወገድላቸው ግን እስከ እርጅና ይኖራሉ። ይህ ውጤት፣ ኤንምናት-2 ለክሩ ከመጋቢነቱ ይልቅ አጥፊውን አስተኝቶ የሚይዝ ዘበኛ መሆኑን አሳይቶኛል።

ኤንኤምኤን በእንክብል መልክ ስለሚሸጥ፣ ነርቭ ያድናል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ኢንዛይሙ ባለበት ወደ ኤንኤዲ የሚለወጠው ያው ሞለኪውል፣ ኢንዛይሙ በጠፋበት የማጥፊያው መቀስቀሻ እንደሚሆን አሁን አንብባችኋል። ስለዚህ መልሱ «ብዙ ሲወሰድ ብዙ ይጠቅማል» የሚል ሊሆን አይችልም፤ በማስታወቂያ ላይ የምታነቡትንም በዚህ መዝኑት።

ጭንቅላት ክፉኛ ሲመታ፣ ተለጥጠው የተጎዱ ክሮች ብዙዎቹ ወዲያው አይበጠሱም፤ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ነው የሚፈርሱት። ሳርም-1 በሌላቸው አይጦች ከእንዲህ ያለ ምት በኋላ የሚደርሰው ጉዳት ቀለል ብሎ ታይቷል። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች በእጅና በእግር ላይ የሚያመጡት መደንዘዝም ከዚሁ መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሳርም-1ን የሚገታ መድኃኒት ለማግኘት ብዙ ጥረት እየተደረገ ነው።

ተስፋ ከማድረጋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እዩ። በእጅና በእግር ነርቮች፣ የተቆረጠው ክፍል ፈርሶ መጠረጉ ለአዲሱ ክር መንገድ ይከፍታል፤ በእነዚያ የኦክስፎርድ አይጦች የስሜት ክሮች መልሰው ለማደግ መዘግየታቸው ታይቷል። ገና ሊተርፍ የሚችለውን ክር ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ ጨርሶ የተቆረጠውን እንዳይፈርስ መያዝ ግን ለሚያድገው እንቅፋት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም መድኃኒቱ ቢገኝ እንኳ ለየትኛው ጉዳት፣ በየትኛው ሰዓት ተሰጥቶ መቼ እንደሚቆም መወሰን ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል።