መልስ፦ ለአንዱ 16 ዓመት፣ ለሌላው 25፤ ለምን?

እህቴ፣ አንዱ 16 ሌላው 25 ዓመት እስራት ስለተፈረደባቸው ሰዎች «ሁለቱም ሕፃን ደፍረው ለምን እኩል አልተቀጡም?» ላልሽው፣ ንዴትሽ ይገባኛል። እኔም ያናድደኛል። ግን ዳኛው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም ቁጥር የሚጠራው።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 መሠረት ሕፃኑ 13 ዓመት ካልሞላው ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አጥፊው አሳዳጊ ወይም አስተማሪ ከሆነ መነሻው 15 ይሆናል። ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ከደረሰ፣ ወይም ሕፃኑ ከሞተ፣ ዕድሜ ልክ። 13 ከሞላው ግን ወደ ሌላ አንቀጽ ይሄዳል፣ መነሻውም በጣም ይወርዳል፤ ስለዚህ የልደት ማስረጃ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

ከዚያ ዳኛው በቅጣት አወሳሰን መመሪያው መነሻውን ይይዝና በማክበጃ ይጨምራል፣ በማቅለያ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው፦ የሕፃኑ ዕድሜ አንቀጹ ውስጥ ስለተቆጠረ ሁለተኛ ማክበጃ አይሆንም። በሌላ በኩል አጥፊው ጥፋቱን ማመኑና መጸጸቱ ቅጣቱን ያቀልለታል። ለእኔ የሚከብደኝ ይሄ ነው፣ ልጅቷ ያለቀሰችው ለቅሶ በማቅለያ አይቀነስማ!

የአእምሮ ጉዳቱን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ መኖሩን ዐቃቤ ሕጉን ጠይቁት። ቅጣቱ አነሰ ካላችሁም ጊዜው ሳያልፍ ይግባኝ እንዲል ወትውቱት።