መልስ፦ ከማድሪድ ወጣ ብሎ እናቴም የምትችለው የእግር መንገድ አለ ወይ?

ሰላም እህቴ። ገደልም የጥድ ደንም ካማረሽ ሪዮ ሎቦስ ሸለቆ ውሰጃቸው። ሶሪያ በሚባለው የስፔን ክፍለ ሀገር ነው (ከአገሩ ሶሪያ ጋር እንዳይምታታብሽ)። ኡሴሮ የምትባለውን መንደር አለፍ ስትዪ መኪና ማቆሚያ አለ። ከዚያ እስከ ሳን ባርቶሎሜ ቤተ ክርስቲያን መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለእማማ አይከብዳቸውም። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናት። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል፣ እሷ መሀል ላይ ብቻዋን! ቀና ስትዪ ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ሲያንዣብቡ ታያለሽ። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅሁም። እስከ ኦንቶሪያ ዴል ፒናር ያለው ሙሉ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆይ። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐዩ አይቻልም፤ በማለዳ ጀምሩ፣ ውሃም ያዙ።